ቡሩሽ የነካው የሚመስል ፊደል፦ የአማርኛ ጌጠኛ ፎንት ለምን ይቸግራል?

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ወደ ሌሎች የመሐል አዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲዘልቅ፣ ከመንገዱና ከሕንፃዎቹ ጋር አብሮ የተለወጠው በሱቅ፣ በምግብ ቤትና በፀጉር ቤት በር ላይ የነበረው ጽሑፍ ነው። በላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የተጻፉ ብዙ የቆዩ ሰሌዳዎች ከፈረሱት ቤቶች ጋር ወርደዋል፤ በአዲሶቹ ሕንፃዎች ግንባር ላይ ደግሞ ከውስጥ የሚበሩ የፕላስቲክና የብረት ፊደላት ተሰቅለዋል። በዚሁ ወቅት ግን ካፌዎች፣ ጭማቂ ቤቶች፣ የልጆች ልብስ መሸጫዎችና የበዓል ማስታወቂያ የሚያሠሩ ድርጅቶች ወደ ኅትመት ቤቶች ሲሄዱ «በእጅ የተጻፈ የሚመስል» ወፍራምና ፈገግ ያለ ፊደል እንዲሠራላቸው ይጠይቃሉ። ገበያው ከግድግዳው ላይ ያወረደውን እጅ በኮምፒውተር በኩል መልሶ እየፈለገው ነው።

በጉዳዩ ላይ በዲዛይነሮችና በደንበኞቻቸው መካከል የሚሰማው ክርክር ብዙውን ጊዜ ከሁለት አቤቱታዎች አይወጣም። አንዱ «ፎንት የሰሌዳ ሠዓሊውን ከሥራ አስወጣው» ይላል፤ ሌላው «አማርኛ ጥሩ ጌጠኛ ፎንት የለውም» ይላል። ሁለቱ አብረው ይነገሩ እንጂ ምክንያታቸው የተለያየ ነው። ሁለተኛው አቤቱታ በተለይ ስለ ብዛት ብቻ ስለሚያወራ ዋናውን ነገር ያልፈዋል። በገበያው ላይ ከሚታዩት የአማርኛ ቡሩሽ ፎንቶች ብዙዎቹ የተጫዋችነት ባሕርያቸውን የወሰዱት ከላቲን ፊደል ነው፤ ላቲን እንደ ልቡ የሚጫወትባቸው የፊደል ክፍሎች ደግሞ በአማርኛ አናባቢውን የሚለዩ ክፍሎች ናቸው። የሚነበበውና የማይነበበው ፎንት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ፎንትና የተሳለ ጽሑፍ

ፎንት ማለት የአንድ ፊደል ገበታ ሙሉ ቅርጾች በአንድ የአሣሣል ስልት ተዘጋጅተው፣ ማንኛውንም ቃል ለመጻፍ እንዲያገለግሉ በኮምፒውተር ፋይል የተቀመጡበት ስብስብ ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር «ሌተሪንግ» የሚባለው፣ እዚህ «የተሳለ ጽሑፍ» የምንለው ሥራ ግን ለአንድ ቃልና ለአንድ ቦታ ብቻ ይሠራል። የሰሌዳ ሠዓሊ «ሰላም ሻይ ቤት» ብሎ ሲጽፍ የላሜራውን ወርድ አይቶ ሁለተኛውን ቃል ያሰፋል፣ የመጨረሻውን «ት» ይለጥጣል፣ በ«ላ» እና በ«ም» መካከል ያለውን ክፍተት በዓይኑ ያመጣጥናል። ፎንት ሠሪው ይህን ማድረግ አይችልም፤ የሚሠራቸው ቅርጾች ወደፊት በማን እጅ ከየትኛው ፊደል ጎን እንደሚቆሙ አያውቅምና።

ሆኖም የእጅን ጽሑፍ በፎንት የማስመሰል ፍላጎት አዲስ አይደለም። አሜሪካን ታይፕ ፋውንደርስ የተባለው የፊደል አምራች ኩባንያ «ብረሽ ስክሪፕት»ን ያወጣው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፈረንሳዊው ሮዤ ኤክስኮፎን የሠራው «ሚስትራል» በ1953 እ.ኤ.አ. ተከትሏል። ሁለቱም ከቀለጠ እርሳስ ብረት ለሚቀረጽ የማተሚያ ፊደል የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ ዓላማቸው ማተሚያ ቤቱ የእጅ ጽሑፍን ለዛ ለማስታወቂያ ደንበኞቹ ማቅረብ እንዲችል ነበር። በሁለቱም ፊደል ከፊደል ጋር በቀጭን ጭረት ይያያዛል፤ አንባቢው ጽሑፉ እጅ ሳይነሣ የተጻፈ መስሎ እንዲታየው የሚያደርገው በዋናነት ይህ ጭረት ነው። ይህ ዘዴ ወደ አማርኛ ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ቀጥሎ እንመለከታለን።

እነዚህ ፎንቶች «ዲስፕሌይ» በሚባለው ምድብ ውስጥ ይገባሉ፤ ለአርእስት፣ ለሰሌዳ፣ ለዕቃ ማሸጊያና ለፖስተር የታሰቡ እንጂ አንድ ገጽ ሙሉ ለማንበብ የሚመቹ አይደሉም። በአንጻሩ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. የመጣው «ኒያላ»፣ እንዲሁም በነፃ የሚገኙት «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» ለረጅም ንባብ የተዘጋጁ ናቸው። ለልጆች ልደት መጥሪያ በኒያላ ተጽፎ ደንበኛው «ደብዳቤ መሰለብኝ» ቢል አይፈረድበትም።

አናባቢው የሚቀመጥበት ቦታ

የላቲን ፊደል አናባቢውን ራሱን በቻለ ፊደል ይጽፋል፤ ስለዚህ የ«ኤን» እግር ቢረዝም፣ ጅራት ቢወጣለት ወይም ቢጎብጥ ያው ነው። የአማርኛ ፊደል ግን አናባቢውን በተነባቢው አካል ላይ በሚደረግ ትንሽ ለውጥ ያመለክታል። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ከቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፤ ሣልስ ጭረቱን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ራብዕና ሳብዕ በብዙ ፊደላት አንዱን እግር ያሳጥራሉ፤ ኃምስ በቀኝ እግሩ ቀለበት ይይዛል። ሳድስ ከሁሉም ያፈነገጠ ነው፤ በ«ብ» ከግራ ወገን ጭረት ይወጣል፣ በ«ን» ራሱ ይሰበራል። የተነባቢዎቹ ልዩነትም ቢሆን በብዙ ቦታ በአንድ ሰረዝ ብቻ የሚለይ ነው፤ «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ» የሚለያዩት ከላይ በሚቀመጠው ጋድም ጭረት ነው።

በዚህ ዓይን የቡሩሽ ፎንት መሠረታዊ ስልቶች ሲታዩ ችግሩ ራሱን ይገልጣል። የመጀመሪያው ስልት ማያያዝ ነው። ከ«በ» ቀኝ እግር ሥር ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ ፊደል የሚሻገር ጭረት «በ»ን «ቢ» ያስመስለዋል፤ ጭረቱ ከወገብ ቢነሣ ደግሞ ፊደሉ «ቡ» ይሆናል። «በራ» የሚል ጽሑፍ በዚህ ዓይነት ፎንት «ቢራ» ተብሎ ቢነበብ አንባቢው አልተሳሳተም፤ ያየውን ነው ያነበበው።

ሁለተኛው ስልት እግርን ማዘለልና ማሳጠር ነው። ተጫዋች የሚባሉት የላቲን ፎንቶች አንዱን ፊደል ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የአንዳንዱን እግር ከመስመሩ በታች ያወርዳሉ። በአማርኛ ሙሉ ፊደሉን ከነአካሉ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የአንዱን እግር ርዝመት ለጌጥ ብሎ መለወጥ ግን አናባቢውን መንካት ነው። በ«ባ» ቀኙ እግር ይረዝማል፣ በ«ቦ» ግራው። የእግሮቹ ልዩነት በቡሩሹ ውፍረት ከተዋጠ ወይም ለጨዋታ ሲባል ከተዛባ፣ «ባሌ ቡና» እና «ቦሌ ቡና» ከመንገዱ ማዶ ለሚያይ ሰው አንድ ይሆናሉ፤ አንዱ የቡናውን አገር፣ ሌላው የካፌውን ሰፈር የሚናገሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው።

ሦስተኛው ውፍረት ነው። ወፍራም ቡሩሽ ትናንሽ ክፍተቶችን ይደፍናል፤ በአማርኛ መጀመሪያ የሚደፈነው የኃምስ ቀለበት ነው። የተደፈነው «ቤ» ከ«ቢ» ጋር ይመሳሰላል። በእርግጥ «ምግብ ቢት» ብሎ የሚያነብ የለም፤ ቃሉን ሁሉም ስለሚያውቀው ዐውዱ ያድነዋል። ዐውድ የማያድናቸው የሰውና የድርጅት ስሞች ናቸው፤ ሰሌዳ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጽፈው ስም ነው። በተመሳሳይ የላይኛው ሰረዝ ከፊደሉ ራስ ጋር ሲጣበቅ «ሸማ» ወደ «ሰማ» ይጠጋል።

አንዳንድ ዲዛይነሮች ይህ ሥጋት የተጋነነ ነው ይላሉ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም፤ ጌጠኛ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት የሚታይ ነገር ስለሆነ ትንሽ ማስቸገሩ ትኩረት ይስባል፣ አንባቢም አንድ ጊዜ ከለመደው ምልክቱን በአጠቃላይ ቅርጹ ያውቀዋል። ይህ ለታወቀ የንግድ ምልክት እውነት ነው። ትናንት ለተከፈተ ሱቅ ግን የሚሠራ አይመስልም፤ ገና ያልታወቀ ስም በቅርጹ ሊታወስ አይችልምና። ደግሞም የተሳለ ጽሑፍ ለአንድ ቃል ብቻ የሚወስደውን ነፃነት ፎንት ለሁሉም ቃል ሲወስደው ስሕተቱም አብሮ ይባዛል።

የሰሌዳ ሠዓሊዎቹ መፍትሔ

በመሐል ከተማው የቆዩ ሰሌዳዎችን ልብ ብሎ ላየ፣ ብዙዎቹ በአንድ የቡሩሽ ምት የተጻፉ አይደሉም። ሠዓሊው መስመሩን አስምሮ፣ የፊደሉን ጠርዝ አውጥቶ ውስጡን በቀለም ይሞላል፤ ከዚያ በአንድ ወገን ጥላ ይጨምርበታል። ይህ አሠራር ውፍረትን ከክፍተት ጋር ለማስታረቅ ጊዜ ይሰጠዋል። ቀለበቱን ከእግሩ ትንሽ ያርቀዋል ወይም ያሰፋዋል፤ የ«ሸ»ን ሰረዝ ከራሱ በላይ አሻግሮ ያስረዝመዋል፤ የራብዕን አጭር እግር እንዲያውም ከሚገባው በላይ ያሳጥረዋል፤ ልዩነቱ ከሩቅ እንዲታይ። ጨዋታውን የሚያመጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ ከጥላው አቅጣጫ፣ ከቀለሙ መፈራረቅ፣ ከጭረቱ ጫፍ አቆራረጥ፣ ከፊደሉ ወርድ መስፋትና መጥበብ። እነዚህ ሁሉ አናባቢውን የማይነኩ ናቸው።

ከዚህ የራቀው ሌላው ምንጭ የብራና ጸሐፊው መቃ ብዕር ነው። የመቃ ብዕር ቋሚውን ጭረት አወፍሮ አገናኙን ያቀጥናል፤ ዛሬ የምናነባቸው የኅትመት ፊደላት ይህን የውፍረት ሥርዓት በአብዛኛው ወርሰዋል። ቡሩሽ ግን ውፍረቱን የሚያገኘው ከእጅ ጫና ነው፤ ጋድሙንም ቋሚውንም እኩል ሊያወፍር ይችላል። ስለዚህ የአማርኛ ቡሩሽ ፎንት የሚሠራ ሰው ገና ከመጀመሪያው ከባድ ምርጫ አለበት፤ የብራናውን ሥርዓት ጠብቆ ቋሚውን ብቻ ያወፍራል ወይስ ሁሉንም ያወፍራል? የመጀመሪያው ይነበባል፣ ነገር ግን ወደ መጽሐፍ ፊደል ይስባል። ሁለተኛው ፈገግታ አለው፣ ነገር ግን ክፍተቶችን ይበላል። የሰሌዳ ሠዓሊዎቹ በልምድ ያገኙት መካከለኛ መንገድ ለዚህ ምርጫ እስካሁን ከታዩት መልሶች ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ብዛትና ድግግሞሽ

የሥራው መጠንም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ላቲን 26 ፊደላት በትልቅና በትንሽ ሲቆጠሩ 52 ቅርጾች ናቸው። የአማርኛ 33 ተነባቢዎች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ «ቨ» ሲጨመር 238፤ እነ «ሏ»፣ «ቋ» እና «ጓ» ሲታከሉ ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ። ሥርዓተ ነጥቦቹና የግዕዝ አኃዞቹ አልተቆጠሩም።

ቡሩሽ ፎንት ይህን ሸክም ያከብደዋል። እጅ አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ አድርጎ አይጽፍም። «ለምለም» የሚል ስም በፎንት ሲጻፍ ሁለቱ «ለም»ዎች ከነደረቅ ቡሩሽ ጭረታቸው አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ፤ የእጅ መስሎ የነበረው ጽሑፍ ማሽን መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ለዚህ የተበጀው መፍትሔ «ኦፕንታይፕ» በሚባለው የፎንት ፋይል ደረጃ ውስጥ የሚገኝ ተለዋጭ ቅርጽ የመምረጥ ችሎታ ነው፤ አንድ ፊደል ሁለትና ሦስት ቅርጾች ተስለውለት፣ ሲደጋገም ሶፍትዌሩ በራሱ እያፈራረቀ ይጠቀማል። ለላቲን ሦስት ተለዋጭ ማለት 156 ሥዕል ነው፤ ለ231ዱ ፊደላት ግን 693። አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው የሚጨርሰው ሥራ አይደለም። ብዙ ፎንት ሠሪዎች ሰባቱንም ድምፆች ከአንድ አካል ላይ እየገለበጡ ጭረት በመለጠፍ የሚያወጡትም ስለዚህ ነው፤ ውጤቱ ወጥ ይሆናል፣ ሕይወት ግን አይኖረውም።

መካከለኛ መንገድ አለ። በሰሌዳና በማስታወቂያ ላይ በብዛት የሚመላለሱትን ፊደላት ብቻ በተለዋጭ ማበልጸግ፣ የቀሩትን በአንድ ቅርጽ መተው ይቻላል። «ቤት» የሚለው ቃል ብቻውን በከተማው ላይ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ያሰበ፣ ለ«ቤ» እና ለ«ት» ተጨማሪ ቅርጽ መሳል የሚከፍል ድካም መሆኑን ይረዳል።

የኮዱ ጣጣ

«ዩኒኮድ» ለዓለም ፊደላት ሁሉ የተለየ ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ደረጃ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው በሦስተኛው ዕትሙ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው፣ ቢበዛ 256 ቦታ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ገበታውን ለማብቃቃት ተገድደው ነበር። በኅትመት ቤቶች ዛሬም በጥቅም ላይ ያሉ አንዳንድ ጌጠኛ ፎንቶች የዚያ ዘመን ናቸው። ለባነር ያገለግላሉ፤ ጽሑፉን ቀድቶ በቴሌግራም ወይም በድረ ገጽ ላይ ለመለጠፍ ለሚሞክር ግን የሚወጣለት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው። «የአማርኛ ጌጠኛ ፎንት የለም» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው፤ ፎንቱ አለ፣ ደንበኛው በሚፈልግበት ቦታ ግን አይሠራም።

እጅን ያስወጣው ማን ነው?

የመጀመሪያው አቤቱታ በከፊል ብቻ ይቆማል። የሰሌዳ ሠዓሊውን ሥራ የወሰደው ቡሩሽ ፎንት አይደለም፤ ስቲከር የሚቆርጠው ፕሎተርና በትልቅ ሸራ ላይ የሚያትመው የባነር ማሽን ናቸው። ባነር በአንድ ቀን ደርሶ ይሰቀላል፤ ፎቶግራፍና የስልክ ቁጥርም ይይዛል፤ ቢያረጅ ተቀድዶ ይጣላል። በብዙ ቦታ ቅርንጫፍ ያላቸው ባንኮችና ድርጅቶችም ጽሑፋቸው በሁሉም በር ላይ አንድ እንዲሆን መፈለጋቸው ተገቢ ነው፤ እጅ ደግሞ ይህን ለማድረግ አይመችም። የእጅ መሰል ፎንት የመጣው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ ባነሩ ሁሉ አንድ መምሰሉ ሰውን ሲያሰለች ነው።

የኮሪደር ልማቱን በተመለከተ ሁለት አመለካከቶች ይደመጣሉ። የመንገድ ገጽታ ሥርዓት እንዲይዝ የሚሹ ወገኖች፣ መጠኑና አቀማመጡ ያልተገደበ ሰሌዳ ሕንፃውን ይሸፍናል፣ ዓይንንም ያደክማል ይላሉ፤ የቀድሞውን የፒያሳ ግድግዳዎች የሚያስታውስ ይህን ሊክድ አይችልም። በሌላ በኩል ያሉት ደግሞ ወጥነት የሰፈርን መልክ ያጠፋል ባይ ናቸው። ሁለቱ የሚጋጩት የሰሌዳውን መጠንና የፊደሉን መልክ አንድ አድርጎ በሚያይ ደንብ ላይ ነው። ቁመቱ፣ ወርዱና የሚሰቀልበት ቦታ ተወስኖ በዚያ ክልል ውስጥ ፊደሉ ነፃ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ወገን የሚጠይቀው ሥርዓት አይጓደልም።

ቅርጹ የማን ነው?

ከወረዱት ሰሌዳዎች ፎቶግራፍ ላይ ፊደል እየወሰዱ ፎንት መሥራት ሲጀመር የባለቤትነት ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥዕል ሥራዎችና ለኮምፒውተር ፕሮግራሞች ጥበቃ ይሰጣል፤ የኢኮኖሚ መብቱም በመርሕ ደረጃ በሠሪው ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የሰሌዳ ፊደል በዚህ ውስጥ ምን ያህል እንደሚካተት ለክርክር ክፍት ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ የፊደል ቅርጹ ራሱ የቅጂ መብት አያገኝም፣ ፎንቱን የያዘው ፕሮግራም ግን ሊያገኝ ይችላል። ሕጉ ምንም ቢል፣ ከአንድ ሠዓሊ እጅ ሙሉ ገበታ ወስዶ ስሙን ሳይጠሩ መሸጥ ተገቢ አይሆንም።

ከሌላ አገር የሚታይ ልምድ አለ። በሕንድ ሃኒፍ ኩሬሺ የጀመረው «ሃንድፔይንትድ ታይፕ» የተባለ ፕሮጀክት የመንገድ ሠዓሊዎችን ፊደላት ወደ ፎንት ለውጦ በየሠዓሊዎቹ ስም ሰይሟቸዋል፤ ከሽያጩም ለሠዓሊው ድርሻ እንዲደርስ አድርጓል። በአዲስ አበባ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆን መሠረት አለ። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመውና አሁን የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሚባለው ተቋም ተማሪዎችን ወደ ሠዓሊዎቹ ቢልክ፣ የሚመዘገበው የፊደሉ ቅርጽ ብቻ አይሆንም፤ ሠዓሊው «ቤ»ን ሲያወፍር ቀለበቱን ወዴት እንዳራቀውና ለምን እንዳራቀውም ይመዘገባል። ፎቶግራፍ ይህን አያሳይም።

ቀጥሎ የሚጠበቀው

ፍላጎቱ የሚቀንስ አይመስልም፤ የሚያረካው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ምስል የሚፈጥሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች «በቡሩሽ የተጻፈ አማርኛ» ሲባሉ ከሩቅ ፊደል የሚመስሉ፣ ሲቀርቡ ግን በገበታው ውስጥ የሌሉ ቅርጾችን ሲያወጡ በተደጋጋሚ ይታያል። መሣሪያዎቹ በፍጥነት እየተሻሻሉ ነው፤ ነገር ግን የሚማሩት ካገኙት ምሳሌ ስለሆነ፣ የሚያገኙት ምሳሌ እግሩ የተዛባና ቀለበቱ የተደፈነ ፎንት ከሆነ ያንኑ አስውበው ይመልሱታል። በነፃ ፈቃድ የተለቀቁት እነ አቢሲኒካና ኖቶ ማንም ሰው እንዲያሻሽላቸው ስለሚፈቅዱ፣ አዲስ ፎንት ሠሪ የፊደሉን አፅም ከእነርሱ ወስዶ ጊዜውን በጭረቱ ላይ ሊያውል ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ሰሌዳ የሚያሠራ ነጋዴ ወደ ኅትመት ቤት ሲሄድ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር ቀላል ነው። ከመረጠው ፎንት ጋር የድርጅቱን ስም ብቻ ሳይሆን «ባሌ ቦሌ»፣ «በራ ቢራ»፣ «ሰማ ሸማ»፣ «ሊሊ ሌሊ» የሚሉትን ጥንዶች አንድ ላይ በወረቀት አሳትሞ ይውሰድ፤ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ከመንገዱ ማዶ ለቆመ፣ ስሙን ለማያውቅ ሰው ያስነብብ። ጥንዶቹን መለየት ካቃተው ፎንቱ ምንም ያህል ቢያምር ለሰሌዳ አይሆንም፤ ለቲሸርት ሊሆን ይችላል።